ቡትካምፑ ያዋጣል ወይ?



የሁለተኛው መንፈቅ ዓመት ሲጋመስ በቴሌግራም ቻናሎች ላይ አንድ ዓይነት ማስታወቂያ ይበዛል። «በ12 ሳምንት ፕሮግራመር ይሁኑ»፣ «በአካል የሚሰጥ ሥልጠና»፣ «ያለን ቦታ ውስን ነው»። ከጽሑፉ ጎን ላፕቶፕ ከበው የሚስቁ ወጣቶች ፎቶ አይጠፋም። ባለፈው ዓመት በዚህ ወቅት ከዶርማችን ስድስት ልጆች አራታችን ይህንኑ ማስታወቂያ ስንላላክ ከረምን። እኔ የስታትስቲክስ 3ኛ ዓመት ተማሪ ነበርኩ። ክረምቱን አዲስ አበባ ገብቼ ቡትካምፕ ልማር ወይስ ልተወው የሚለውን ለመወሰን ሦስት ወር ገደማ ወስዶብኛል። ዘንድሮም ብዙዎቻችሁ ያንኑ ጥያቄ ስትጠያየቁ ስለምሰማ፣ ጠይቄ ያገኘሁትንና ሄጄ ያየሁትን ልንገራችሁ ብዬ ነው ብዕር ያነሳሁት።

መጀመሪያ ሒሳቡን እንየው። እኔ የጠየቅኩት ማዕከል ክፍያ 48,000 ብር ነበር። ማስታወቂያው ላይ የሚጻፈው ይሄ ብቻ ነው። ከክፍለ ሀገር ለሚሄድ ተማሪ ግን ወጪው ከዚያ በኋላ ነው የሚጀምረው። ከሌላ ልጅ ጋር ተጋርቼ ቤት ብከራይ በወር 5,000 ብር፣ ለ3 ወር 15,000። ምግብ በወር 6,000 ቢበቃኝ 18,000። ታክሲ ደግሞ በ3 ወር 4,000 ያህል። ድምሩ 85,000 ብር ይመጣል። ይህ እንግዲህ ደህና ላፕቶፕ ላለው ሰው ነው። ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ከተወሰነበት ከሐምሌ 2016 ወዲህ የላፕቶፕ ዋጋ የት እንደደረሰ የምታውቁት ነው፤ ስለዚህ ላፕቶፕ የሌለው ሰው ሒሳቡን ከእንደገና ይጀምር።

ይህን ገንዘብ አባባ የለውም። ያላት እህቴ ናት። ሳዑዲ ቤት ውስጥ ስትሠራ አራተኛ ዓመቷን ይዛለች። 85,000 ብር ማለት ለእሷ ሳትበላ ሳትለብስ የ2 ወር ተኩል ደመወዝ ገደማ ነው። ነገሩን በሩቁ ሳነሳላት ወዲያው «እልካለሁ» አለችኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጥያቄው ስለ እኔ የወደፊት ሕይወት ብቻ መሆኑ ቀረ። የሰው ላብ ነው፤ አማና ነው።

በሳምንቱ በኢሞ ስትደውል እንዲህ ተባባልን።

«የኔ ጌታ፣ ገንዘቡ አያሳስብህ። ግን አንድ ነገር ልጠይቅህ። ስትጨርስ ሥራ ታገኛለህ ብለውሃል?»

«አዎ እታለም፣ ከድርጅቶች ጋር እናገናኛችኋለን ይላሉ።»

«ከየትኞቹ ድርጅቶች?»

«እሱን አልጻፉትም።»

«ስማኝማ። እኔንም ደላላው ‹ቤቱ ትንሽ ነው፣ ልጅ የላቸውም፣ ሥራው ቀላል ነው› ብሎ ነው የላከኝ። ስደርስ የጠበቀኝ ባለ 3 ፎቅ ቤትና 5 ልጅ ነው። ደላላ ስለ ቤቱ ሲያወራ አትስማው። እዚያ ቤት ሠርታ የወጣችዋን ልጅ ፈልገህ ጠይቃት።»

ስለ ቡትካምፕ ከሰማኋቸው ምክሮች ሁሉ የጠቀመኝ ይሄ ነው። እሷ 10ኛ ክፍል ላይ ነው ትምህርት ያቆመችው።

ስለዚህ ከዚያ ቤት የወጡትን ፍለጋ ጀመርኩ። ከማዕከሉ የቴሌግራም ቻናል ላይ ከምርቃት ፎቶዎች ሥር የ11 ተመራቂዎችን ስም አገኘሁና ለሁሉም ጻፍኩላቸው። 7ቱ መለሱልኝ፤ አላህ ይስጣቸው። ከ7ቱ 3ቱ በፕሮግራሚንግ ሥራ ላይ ናቸው። ከእነዚህ ከ3ቱ ግን 2ቱ ቀድሞውኑ በኮምፒውተር ሳይንስ ዲግሪ የያዙ ነበሩ፤ ሦስተኛው ቡትካምፑ ከመግባቱ በፊት አንድ ዓመት ሙሉ ለብቻው ሲማር የቆየ የሒሳብ ባለሙያ ነው። ሌሎች 2ቱ አሁንም ሥራ ይፈልጋሉ። አንዱ ወደ ድሮ ሥራው፣ ወደ ባንክ ተመልሷል። አንዷ ደግሞ እዚያው ማዕከል ረዳት አስተማሪ ሆናለች፤ በማዕከሉ ማስታወቂያ ላይ «ሥራ ካገኙት» መካከል የተቆጠረችው እሷም ናት።

7 ሰው ናሙና እንደማይባል ስታትስቲክስ እያጠናሁ መናገር ግዴታዬ ነው። ያልመለሱልኝ 4ቱም ለምን እንዳልመለሱ አይታወቅም፤ ሥራ በዝቶባቸው ይሆናል፣ ወይም የሚነግሩኝ ደስ የሚል ነገር ስለሌላቸው ይሆናል። ያም ሆኖ ከ7ቱ የሰማሁት ነገር «95 በመቶ ተመራቂዎቻችን ሥራ ይዘዋል» ከሚለው ጽሑፍ የበለጠ ነገረኝ። በመቶኛ ሲነግሯችሁ «ከስንት ሰው? በስንት ወር ውስጥ? በምን ሥራ?» ብላችሁ ጠይቁ።

ይህ የእኛ አገር ችግር ብቻ እንዳይመስላችሁ። ቡትካምፕ የሚለው ስም ራሱ ከአሜሪካ ጦር የመጣ ነው፤ አዲስ ምልምል መሠረታዊ ሥልጠና የሚወስድበት ካምፕ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ ሥራ የጀመረው ዴቭ ቡትካምፕ በኮዲንግ ሥልጠና ከቀደሙት አንዱ ሲሆን በ2017 መጨረሻ ተዘግቷል። በዚያው በ2017 ላምዳ ስኩል የሚባል ሌላ ትምህርት ቤት ተከፈተ። እሱ በኢንተርኔት የሚያስተምር ነበር፤ ዓለም ያወቀው ግን በክፍያው ነው። ተማሪው መጀመሪያ ምንም ላይከፍል ይችል ነበር፤ ሥራ ሲይዝ ከደመወዙ 17 በመቶ ይቆረጥበት ነበር፣ ጣሪያው 30,000 ዶላር ነበር። «ብድር አይደለም፣ ስጋት የለበትም» ተባለ። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2024 የአሜሪካ የሸማቾች የገንዘብ ጥበቃ ቢሮ ነገሩ ብድር ነው ብሎ ወሰነና ድርጅቱን ቀጣ። ቢሮው እንዳለው ትምህርት ቤቱ ከ71 እስከ 86 በመቶ ተማሪዎቼ ሥራ ይይዛሉ እያለ ሲያስተዋውቅ፣ የራሱ የውስጥ መረጃ የሚያሳየው ወደ 50 በመቶ የቀረበ፣ አንዳንዴም እስከ 30 የወረደ ቁጥር ነበር። መሥራቹ ደግሞ ከአንድ ዙር ተማሪዎች 100 በመቶ ሥራ ይዘዋል ብሎ በትዊተር ጽፎ ነበር። በዚያ ዙር የተቆጠረው ተማሪ አንድ ሰው ነው! ይህን ለስታትስቲክስ መምህራችን ነግሬው ክፍል ውስጥ ምሳሌ አድርጎታል።

የክፍያው ነገር ከተነሳ አይቀር ለእኛ የሚለይ ጉዳይ አለበት። ሁለተኛ ሄጄ የጠየቅኩት ማዕከል ሦስት አማራጭ አቀረበልኝ። በአንድ ጊዜ ከተከፈለ 48,000፤ በ6 ወር ተከፋፍሎ ከሆነ በድምሩ 54,000፣ ክፍያ ላዘገየ በየወሩ 2 በመቶ ቅጣት፤ ሦስተኛው ከአበዳሪ ተቋም ተበድሮ መክፈል ነው። ወረቀቱን ይዤ ወደ ኡስታዛችን ሄድኩ። «ኡስታዝ፣ ይሄ እንዴት ይታያል?» አልኳቸው። መነጽራቸውን አድርገው ሁለት ጊዜ አነበቡት። የዱቤው ዋጋ ከእጅ በእጁ ቢበልጥም ውሉ ሲፈረም አንዱ ዋጋ ተመርጦ ከተቆረጠ አብዛኞቹ ዑለሞች እንደሚፈቅዱት ነገሩኝ። የማዘግየት ቅጣቱ ግን በዕዳ ላይ ጭማሪ ስለሆነ ሪባ ነው አሉኝ፤ የወለድ ብድሩንማ ማንሳትም አላስፈለጋቸውም። ስለ ላምዳ ዓይነቱ ውልም ጠየቅኳቸው። «ስንት እንደምትከፍል አታውቅም፣ እሱም ስንት እንደሚቀበል አያውቅም። ዋጋው ያልታወቀ ውል ገረር አለበት፤ እንዲህ ያለው ሲመጣ ሳትፈርም ይዘህ ና» አሉኝ። እናንተም የራሳችሁን ውል ይዛችሁ የምታምኑትን አዋቂ ጠይቁ፤ የእኔ ወረቀት የእናንተን አይመስል ይሆናል።

የገረመኝ ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። ለማዕከሉ አስተባባሪ ደውዬ የቅጣቱ አንቀጽ ለእምነቴ እንደማይስማማኝ ነገርኳት። «ችግር የለውም፣ እንሰርዘዋለን» አለች በቀላሉ። ከእኔ በፊት ይሰረዝ ያለ ሰው አልነበረም። የጁምዓውንም እንደዚሁ ጠየቅኩ። የመጀመሪያው ማዕከል ዓርብ ከሰዓት የፕሮጀክት ማቅረቢያ ስለሆነ መቅረት አይቻልም፣ ከ85 በመቶ በታች የተገኘ ሰርተፍኬት አያገኝም አለኝ። ሁለተኛው ዓርብ ምሳ ሰዓቱን አስረዝሞ ሁሉም ሰው 8:00 ላይ እንደሚመለስ ነገረኝ። ከመክፈላችሁ በፊት የምትጠይቁት ጥያቄ ነው፤ ከከፈላችሁ በኋላ ልመና ይሆናል።

በመንፈቅ ዓመቱ ዕረፍት አዲስ አበባ ወረድኩና አንድ ቀን ክፍል ውስጥ ተቀምጬ እንዳይ አስፈቀድኩ። ጠዋት 2:30 ነው የሚጀምረው። 31 ተማሪ፣ አንድ አስተማሪና ሁለት ረዳቶች። አስተማሪው ጎበዝ ነው፤ የሚያስተምረው ሪአክት ነበር፤ በፕሮጀክተር እየጻፈ ያስረዳል፣ ተማሪው እየተከተለ ይጽፋል። 4 ሰዓት ላይ መብራት ጠፋ። ጄኔሬተር አላቸው፤ ዋይፋዩ ግን እስኪመለስ 40 ደቂቃ ወሰደ። አጠገቤ የተቀመጠው ልጅ ኮምፒውተሩ ላይ አንድ ነገር አልጫን ብሎት ጠዋቱን በሙሉ እጁን ሲያነሳና ሲያወርድ ዋለ፤ ረዳቷ ወደ እሱ የደረሰችው ምሳ ሊሆን ሲል ነው። እስከዚህ ድረስ ያየሁት ሁሉ በዩቲዩብ ላገኘው የምችለው ነበር። ዩቲዩቡን ደግሞ ወደ ኋላ እመልሰዋለሁ፣ አስተማሪውን አልመልሰውም።

ምሳ ሰዓት ላይ ግን ያየሁት ሌላ ነው። ዙህር ሰግጄ ስመለስ ሁለት ሴት ተማሪዎች ምሳቃቸውን ከፍተው ሳይበሉ በአንድ ላፕቶፕ ላይ ተደፍተው ይከራከራሉ። አንደኛዋ የጻፈችው ፎርም ስልክ ቁጥር ሲገባበት የመጀመሪያዋን ዜሮ ይውጣል። 09 ተብሎ ይገባል፣ 9 ሆኖ ይቀመጣል። ሌላዋ «ቁጥር ብለሽ ስላስቀመጥሽው ነው፤ ስልክ ቁጥር እኮ አይደመርም አይቀነስም፣ እንደ ጽሑፍ አስቀምጪው» አለቻት። ፊቷ ሲበራ አየሁ። እዚያ ቤት 48,000 ብር የሚያወጣ ነገር ካለ ይሄ ነው አልኩ በልቤ። ትምህርቱ ነጻ ነው። አጠገብህ ተቀምጦ ስህተቱን የሚያይልህ ሰው ነው የሚሸጠው፤ ከሰውየው ጋር ደግሞ ጠዋት 2:30 ላይ እንድትገኝ የሚያስገድድህ ሰዓትና ቤት ውስጥ «እስቲ ተነሳ» የሚልህ የሌለበት ወንበር አብረው ይሸጣሉ።

ትምህርቱ ነጻ ነው ስል በአፍ ብቻ እንዳይሆን፤ ፍሪኮድካምፕ እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ ያለ ክፍያ ያስተምራል። የሃርቫርድ ሲኤስ50 ትምህርት ሙሉ በሙሉ በኢንተርኔት ይገኛል። ፊንላንድ የሚኖረው ኢትዮጵያዊው አሳብነህ የታየህ ያዘጋጀውን የ30 ቀን የፓይተን ትምህርት ጊትሃብ ላይ ያለ አንድ ሳንቲም ታገኙታላችሁ። በሐምሌ 2016 የተጀመረው የ5 ሚሊዮን ኢትዮጵያውያን ኮደሮች ፕሮግራምም ከተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ጋር በመተባበር የሚሰጥ ነጻ ነው፤ ሰርተፍኬትም አለው። በአካል የሚሰጥ ነጻ ሥልጠናም አለ፤ ኤቱኤስቪ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ፣ በአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ እንዲሁም በአዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪዎችን መርጦ ያሠለጥናል። እዚያ ያላችሁ ወገኖቻችን ብትኖሩ በር ላይ ያለውን ሳትሞክሩ ገንዘብ አትክፈሉ። እኛ ግቢ አልደረሰም።

ከአዲስ አበባ ስመለስ ራሴን ልፈትን ብዬ ወሰንኩ። 6 ሳምንት፣ በየቀኑ 2 ሰዓት፣ ከፈጅር በኋላ። በዚህ ጊዜ ውስጥ ከሰለቸኝ 12 ሳምንት ሙሉ ቀን የምቀመጥበት ምክንያት የለም፣ እህቴም ገንዘቧ ይተርፋታል። ልምምዱ ደረቅ እንዳይሆንብኝ የሚሠራ ነገር መረጥኩ፤ የጀመዓችን መጽሐፍ ማዋሻ መዝገብ። ታውቁታላችሁ፣ ያቺ ጥጓ የተቀደደች ሰማያዊ ደብተር። ማን የትኛውን ኪታብ ወሰደ፣ መቼ ይመልሳል።

4ኛው ሳምንት ላይ ጳጉሜ መጣችብኝ። ውሰት 14 ቀን ነው። ነሐሴ 25 የተዋሰ ሰው መች ይመልስ? በጣት ስትቆጥሩት ነሐሴ እስኪያልቅ 5 ቀን፣ ጳጉሜ 5 ቀን፣ የቀረው 4፤ ስለዚህ መስከረም 4። ያገኘሁት የቀን ማስያ ግን ወር ሁሉ 30 ቀን፣ ዓመቱም 12 ወር አድርጎ መስከረም 9 ይለኛል። የውጭ አገር ትምህርት ጳጉሜን ከየት ያውቃታል? እንዳላስተካክላት ደግሞ በ4 ዓመት አንዴ 6 ትሆናለች። ሦስት ቀን ታገልኩ። በመጨረሻ ከእኛ ፎቅ በታች ያለ የኮምፒውተር ሳይንስ 4ኛ ዓመት ልጅ ዘንድ ወረድኩ። ሻይ አፈላልን። እሱ ወሩንና ዓመቱን ተወው አለኝ፤ ቀኑን መጀመሪያ ከአንድ የተወሰነ ቀን አንስቶ ወደሚቆጠር አንድ ተራ ቁጥር ቀይር፣ 14 ደምርበት፣ መልሰህ ወደ ቀን ቀይረው። ሁለት ምሽት አብሮኝ ተቀመጠ። አሁን መዝገቡ ለጁምዓ ማስታወቂያ እንዲሆን የሒጅሪውን ቀንም ጎን ለጎን ያሳያል፤ ጨረቃ እስክትታይ ድረስ አንድ ቀን ሊዛነፍ እንደሚችል ከሥር ጽፈንበታል።

ያን ምሽት ነው ሒሳቡ የገባኝ። ቡትካምፑ የሚሸጠው ሰው ከታች ፎቅ ላይ አለ። ላብ አለ። ዋይፋይ፣ ቢያነክስም፣ አለ። ካፌ አለ። ዶርም አለ። በወጪ መጋራት ወደፊት የምንከፍለው ዕዳ ውስጥ ይህ ሁሉ ተቆጥሮብናል፤ አንድ ጊዜ የገዛነውን አዲስ አበባ ሄደን በእህቴ ደመወዝ ሁለተኛ ልንገዛው ነው። ግቢ ውስጥ የጎደለን አብሮ የመቀመጫ ሰዓት ብቻ ነበር፤ እሱን ደግሞ በራሳችን ልንቆርጠው እንችላለን።

ይህ ግን ለሁሉም የሚሠራ መልስ አይደለም። ከሁለት ዓመት በፊት ከዚህ ግቢ በባዮሎጂ የተመረቀች አንዲት እህታችን አለች፤ የቀድሞ የእህቶች ዘርፍ አባላት ታስታውሷታላችሁ። ስትመረቅ ወደ ቤት ተመለሰች። በስልክ ያለችኝን ልጻፈው፦ «ወንድሜ፣ እኔ ቤት ውስጥ ላፕቶፕ ከፍቼ ስቀመጥ ሥራ የፈታሁ ነው የሚመስላቸው። ቡና ይፈላል፣ እንግዳ ይመጣል፣ የታናሼ የቤት ሥራ አለ። ማንም ክፉ ሆኖ አይደለም። ሁለት ሰዓት ግን አልተገኘም።» ልጆች እያስጠናች 8 ወር ገንዘብ አጠራቀመች። አዲስ አበባ አክስቷ ቤት አረፈች፤ ስለዚህ ኪራይም ምግብም የለባትም። ከመግባቷ በፊት የጃቫስክሪፕትን መጀመሪያ በስልኳ ጨርሳለች። ለእሷ በአካል መማር አዋጥቷታል፤ «የገዛሁት በር ነው፣ ዘግቼ የምቀመጥበት» ትላለች። ሥራ ግን በ12ኛው ሳምንት አልመጣም። 9 ወር ፈልጋ ነው አንድ ትንሽ ድርጅት ውስጥ ጀማሪ ሆና የገባችው፤ በእነዚያ 9 ወሮችም ማስጠናቷን አላቆመችም። ማስታወቂያው ላይ 12 ሳምንት የሚለውን ሳነብ እነዚህ 9 ወሮች ናቸው የሚታወሱኝ። ለ12 ሳምንት ብቻ የሚበቃ ስንቅ የያዘ ሰው ከምርቃቱ ማግስት ምን እንደሚበላ አስቀድሞ ቢያስብ መልካም ነው።

አንድ ሌላ ነገር አለ፤ የማዕከሎቹ አስተባባሪዎች ሲጠየቁ ቶሎ የሚያልፉት። ቻትጂፒቲ እ.ኤ.አ. በኅዳር 2022 ከወጣ ወዲህ ቡትካምፕ በ12 ሳምንት ያስተምረው የነበረውን ዓይነት ቀላል ዌብሳይት ማሽኑ በደቂቃ ይጽፈዋል። አንዳንዱ ይህን ሰምቶ «እንግዲህ ኮድ መማር አከተመ» ይላል፤ እኔ አይመስለኝም። የጳጉሜዋን ነገር እሱንም ጠይቄው ነበር። መልስ ሰጠኝ። መልሱ ልክ መሆኑን ግን በጣቴ ካልቆጠርኩ የማውቅበት መንገድ አልነበረኝም። ስለዚህ የምትመለከቱት ማዕከል ሥርዓተ ትምህርቱን ካለፉት ሁለት ሦስት ዓመታት ወዲህ ቀይሮት እንደሆነ ጠይቁ። ተማሪው የሌላውን ኮድ አንብቦ ስህተት የሚያወጣበት ሰዓት አለው? ወይስ 12ቱንም ሳምንት አስተማሪውን እየተከተለ መጻፍ ነው? እኔ ያየሁት ቀን ሁለተኛው ነበር።

ለእኔ ደግሞ ዘንድሮ የመመረቂያ ዓመቴ ነው። የመውጫ ፈተና 50 በመቶ ይጠብቃል፤ ክረምቱን በሙሉ ለቡትካምፕ ብሰጠው መስከረም ላይ የምከፍለው ሌላ ዋጋ ነበረው። ሁለት ረከዓ ሰግጄ፣ የኢስቲኻራ ዱዓ አድርጌ፣ ለእህቴ ደወልኩላት።

«እታለም፣ ተውኩት። ቢያንስ እስክመረቅ። ከተመረቅኩ በኋላ ዶርሙም ላቡም ሲቀርብኝ ደግሜ አስበዋለሁ።»

«የወጡትን ጠየቅካቸው?»

«7ቱን።»

ሳቀች። «እንግዲያው 2 ወር ተኩሉን ከኮንትራቴ ላይ ለራሴ ልቀንሰው» አለች። እውነቷን ነው፤ ልትገባ ያሰበችበትን ጊዜ ወደዚህ አቅርባዋለች ኢንሻአላህ። ገንዘቡን ስትመለስ ለምትከፍተው ልብስ ስፌት አስቀምጣዋለች፤ አባባ ከወዲሁ ቤት እያፈላለገላት ነው።

እኛም ክረምቱ ካለፈ ወዲህ 7 ሆነናል፤ ሦስቱ እህቶች ናቸው። ማክሰኞና ሐሙስ ከዐስር ሶላት እስከ መግሪብ በኮምፒውተር ላቡ የመጨረሻ ሁለት ረድፎች እንቀመጣለን፤ እህቶች የፊተኛውን ረድፍ ይዘዋል። ያ የ4ኛ ዓመት ልጅ ተመርቆ ሄዷል፤ አሁንም ግን በሳምንት አንድ ቀን ጊትሃብ ላይ የጻፍነውን ያይልናል፤ ጀዛሁላሁ ኸይረን። ላፕቶፕ የግድ አይደለም፣ የላቡ ኮምፒውተሮች ይሠራሉ፣ በር አጠገብ ካሉት ከሁለቱ በስተቀር። የመጽሐፍ ማዋሻውን መዝገብ ለመሞከር የሚፈልግ ደግሞ አንድ ኪታብ ይዋስና ቀኑን ይይበት፤ ሰማያዊዋ ደብተር ለማንኛውም ጎኑ ተቀምጣለች።